ከፕሮግራም ሆድ የወጡ አይከኖች፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን ከጅማ የደረሱን ደብዳቤዎች ሳይመካከሩ አንድ ጉዳይ ላይ ተገናኝተዋል። ሁሉም በኮምፒውተር ፕሮግራሞች ውስጥ ያሉትን አይከኖች (ፕሮግራሙንና ቁልፎቹን የሚወክሉ ትንንሽ ሥዕሎች) አውጥቶ ማጠራቀምና በአንድ ገጽ ደርድሮ ማሳየትን ይመለከታሉ፤ ስለዚህ የዚህን ዕትም ዓምድ ሙሉውን ሰጥተናቸዋል። ደብዳቤዎቹን አሳጥረናል፤ ጸሐፊዎቹንም በሠፈራቸው ብቻ ጠርተናል።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ፣ ውድ አዘጋጆች። የላፕቶፔን ፕሮግራሞች አይከን እየሰበሰብኩ ነው። እስካሁን ስክሪንሹት አንስቼ በፔይንት እቆርጣለሁ። ግን ጠርዛቸው የዴስክቶፑን ቀለም ይዞ ይመጣል፣ መጠናቸውም አይመሳሰልም። የተሻለ መንገድ አለ? (ተማሪ፣ ከኪቶ ፉርዲሳ ግቢ)

መልስ፦ ስክሪንሹቱን ይተዉት። እርስዎ የሚቆርጡት ዊንዶውስ ለዚያ ስክሪን ብሎ ያዘጋጀውን ምስል ነው፤ ዋናው ያለው ፋይሉ ውስጥ ነው። አይከን ደግሞ አንድ ሥዕል አይደለም፣ ቤተሰብ ነው። ባለ 16፣ ባለ 32፣ ባለ 48 እና ባለ 256 ፒክስል ምስሎች በአንድ ስም ተጠቃለው ይኖራሉ። ትንሿ የትልቁ ቅናሽ ናት ብለው እንዳያስቡ። በደንብ በተሠራ ፕሮግራም ውስጥ 16 በ16ቷ ለብቻዋ፣ ነጥብ በነጥብ ተቆጥራ የተሣለች ናት፤ ለሰብሳቢ ብዙ ጊዜ ከሁሉ የምትጥመውም እሷ ናት።

በኢኤክስኢ (የሚነሳው ፕሮግራም) እና በዲኤልኤል (ፕሮግራሞች የሚጋሩት) ፋይል ውስጥ ሪሶርስ የሚባል ክፍል አለ። እያንዳንዱ ምስል እዚያ በዓይነት ቁጥር 3 ይቀመጣል። የትኛው ምስል የየትኛው ቤተሰብ እንደሆነ የሚናገረው ዝርዝር ደግሞ በዓይነት ቁጥር 14 ይቀመጣል። ዓይነት 3ን ብቻ ያወጣ ሰው ወላጅ አልባ ምስሎች ይሰበስባል፤ ከሺህ ፋይል በኋላ መልሶ ማዛመድ አበሳ ነው።

ለጀማሪ ሪሶርስ ሃከር የሚባለው ነፃ ፕሮግራም ይበቃል። ፋይሉን ሲከፍቱበት በግራ በኩል «አይከን» እና «አይከን ግሩፕ» የሚሉ ሁለት ቅርንጫፎች ይመጣሉ። የመጀመሪያውን ይለፉት። ከሁለተኛው ሥር የሚፈልጉትን መርጠው በአይኮ (የአይከን ፋይል ዓይነት) ሲያስቀምጡ መጠኖቹ ሁሉ አብረው ይወጣሉ። 7-ዚፕም ፋይሉን እንደ ዚፕ ከፍቶ ሪሶርሱን ያሳያል፣ ፈጣንም ነው፤ ነገር ግን እያንዳንዱን መጠን ለየብቻ ስለሚያወጣ ቤተሰቡን ይበትናል። አንድ ሙሉ ፎልደር በአንዴ ለመፈተሽ የኒርሶፍቱ አይከንስኤክስትራክት ይመቻል። በሊኑክስ ላይ አይኮዩቲልስ የሚባለውን ጥቅል ይጫኑ፤ ሬስቱል ያወጣል፣ አይኮቱል ወደ ፒኤንጂ ይለውጣል።

የት እንደሚፈለግ ካላወቁ ከሲስተም32 ፎልደር ይጀምሩ። ሼል32፣ ኢሜጅሬስ እና ሞርአይከንስ የሚባሉት ዲኤልኤሎች እዚያ አሉ። ሞርአይከንስ ከዊንዶውስ 3.1 ዘመን ጀምሮ የዶስ ፕሮግራሞችን አይከን ተሸክሞ የሚዞር ፋይል ነው፤ ማንም አያየውም፣ እሱ ግን አሁንም እዚያው ተቀምጧል። አንድ ማሳሰቢያ አለን። ከዊንዶውስ 10 ዕትም 1903 ወዲህ የሼል32 እና የኢሜጅሬስ አይከኖች ወደ ሌላ ቦታ ተዛውረዋል። በዊንዶውስ ፎልደር ሥር ሲስተምሪሶርስስ የሚል ፎልደር አለ፤ ስማቸው በኤምዩኤን የሚያልቅ ፋይሎች እዚያ ያገኛሉ። ግልባጩን ወደ ሌላ ቦታ ወስደው የስሙን ጭራ ወደ ዲኤልኤል ቢለውጡት ይከፈታል። «ዲኤልኤሉ ባዶ ሆነብኝ» የሚለው የተለመደ አቤቱታ መነሻው ይኸው ነው።

የሚያወጡት ነገር ከሚጠብቁት ካነሰ ሦስት ነገር ይጠርጥሩ። አንደኛ፣ የከፈቱት የመጫኛ ፋይል ሊሆን ይችላል። የሚያዩት የመጫኛውን አይከን ነው፤ የፕሮግራሙ ግን ውስጥ ታሽጎ ነው ያለው። ኤንኤስአይኤስ በሚባለው የተሠራውን 7-ዚፕ ይፈታዋል፤ ኢኖ ሴትአፕ ከሆነ ኢኖኤክስትራክት ያስፈልጋል። ሁለተኛ፣ ፋይሉ በዩፒኤክስ ተጨምቆ ሊሆን ይችላል። ዩፒኤክስ የመጀመሪያውን ቤተሰብ ኤክስፕሎረር (የዊንዶውስ ፋይል ማሳያ) እንዲያሳየው ብሎ ይተወዋል፣ የቀሩትን ይጨምቃል፤ ስለዚህ አንድ ብቻ ያገኛሉ። በራሱ በዩፒኤክስ ግልባጩን ይፍቱና እንደገና ይሞክሩ። ሦስተኛ፣ በዶትኔት (የማይክሮሶፍት የፕሮግራም መሥሪያ) የተሠሩ ፕሮግራሞች የቁልፎቻቸውን ሥዕል ከዊንዶውስ ሪሶርስ ውጭ በራሳቸው መያዣ ያስቀምጣሉ። ለዚያ የዶትኔት መፍቻ ያስፈልጋል።

ሲያወጡ መዝገብ ይያዙ። በኤክሴል ወይም በተራ የጽሑፍ ፋይል የምንጩን ሙሉ አድራሻ፣ የፕሮግራሙን ዕትም ቁጥር፣ የቤተሰቡን ቁጥርና የወጣበትን ቀን ያስፍሩ። በስክሪፕት የሚሠሩ ከሆነ እያንዳንዱን መስመር እንዳወጡ ወዲያው ይጻፉ። ሁሉም ካለቀ በኋላ እጽፋለሁ ካሉ መብራት በሄደ ቁጥር ከዜሮ መጀመር ነው፤ ጅማ ላለ ሰው ይህን ማስረዳት አያስፈልግም።

ጥያቄ፦ በፓይተን የራሴን ማውጫ ጻፍኩ። ምስሎቹ ይወጣሉ፣ ግን ግማሾቹ አልከፈት ይላሉ። የሚከፈቱትም ጀርባቸው ጥቁር ነው፤ አንዳንዶቹ ደግሞ ቁመታቸው እጥፍ ሆኖ ከሥር ዝብርቅርቅ ይታያል። ምን አጠፋሁ? (የሶፍትዌር ሠራተኛ፣ ከአጂፕ)

መልስ፦ ሦስት የተለያዩ ስህተቶች ናቸው፤ በተራ እንያቸው።

አልከፈት ያሉት ራስጌ ስለሌላቸው ነው። በሪሶርስ ውስጥ ያለው ጥሬ ምስል አይኮ ፋይል አይደለም፤ አይኮ ለማድረግ ከፊቱ ማውጫ መጻፍ አለብዎት። 6 ባይት ራስጌ፣ ከዚያ ለእያንዳንዱ ምስል 16 ባይት። ዓይነት 14 ውስጥ ያለው ዝርዝር ተመሳሳይ ራስጌ አለው፣ ግን ለአንድ ምስል 14 ባይት ነው የሚይዘው። የመጀመሪያዎቹ 12 ባይቶች እንዳሉ ይገለበጣሉ። የመጨረሻዎቹ 2 ባይቶች የምስሉ መለያ ቁጥር ናቸው፤ እነሱን አውጥተው በምትካቸው ምስሉ ከፋይሉ መጀመሪያ የሚገኝበትን ርቀት በ4 ባይት ይጽፋሉ። አራት ምስል ካለ የመጀመሪያው ምስል በ70 ይጀምራል፤ 6 ሲደመር 4 ጊዜ 16 ማለት ነው። ቀጣዩ የዚያ ርቀትና የፊተኛው ምስል መጠን ድምር ነው። 14ቱን ባይት እንዳለ ገልብጦ ማለፍ ሁሉም ጀማሪ የሚሠራው ስህተት ነው። ወርዱ ዜሮ ተብሎ ቢያዩም አይደንግጡ፤ አንድ ባይት ከ255 በላይ ስለማይዝ 256 የሚጻፈው በዜሮ ነው።

ቁመቱ እጥፍ የሆነው እውነትም እጥፍ ተብሎ ስለተጻፈ ነው። በቢኤምፒ መልክ የተቀመጠ አይከን ከቀለሙ በታች ሌላ ባለ አንድ ቢት ምስል አለው፤ ጭምብሉ ነው። የ40 ባይቱ ራስጌ ሁለቱን ደምሮ ስለሚቆጥር ባለ 32ቱ «ቁመቴ 64 ነው» ይላል። ለሁለት ያካፍሉ። የጭምብሉ እያንዳንዱ መስመር ወደ 4 ባይት ብዜት እንደሚሞላ አይርሱ፤ ባለ 48ቱ መስመር 6 ባይት ይበቃው ነበር፣ የሚይዘው ግን 8 ነው። ስሌትዎ ልክ መሆኑን በመጠኑ ማረጋገጥ ይችላሉ። ባለ 32 ቢት ቀለም ከሆነ 16 በ16ቱ 1128 ባይት፣ 32 በ32ቱ 4264፣ 48 በ48ቱ 9640 ይመዝናል። የድሮው ባለ 16 ቀለም 32 በ32 ደግሞ 744 ነው። እነዚህን አራት ቁጥሮች የለመደ ሰው ፋይሉን ሳይከፍት ምን እንደያዘ ያውቃል።

ጥቁሩ ጀርባ ጭምብሉን ከመዝለል ይመጣል። እስከ 24 ቢት ባለው አይከን የቱ ነጥብ እንደሚታይ የሚወስነው ጭምብሉ ብቻ ነው። ባለ 32 ቢቱ ከዊንዶውስ ኤክስፒ፣ ማለትም ከ2001 እ.ኤ.አ. ወዲህ የራሱ አልፋ፣ ማለትም የእያንዳንዱ ነጥብ የግልጽነት መጠን፣ አለው። ይሁንና አልፋው በሙሉ ዜሮ የሆነ ካጋጠመዎት ያኔም ወደ ጭምብሉ ይመለሱ፤ አለዚያ ባዶ ምስል ይወጣል። ከቪስታ ወዲህ ባለ 256ቱ አብዛኛውን ጊዜ በውስጡ ሙሉ ፒኤንጂ ነው። የመጀመሪያዎቹ አራት ባይቶች 137፣ 80፣ 78፣ 71 ከሆኑ እንደ ቢኤምፒ ለማንበብ አይሞክሩ፤ እንዳለ ያስቀምጡት።

ሳይጠየቅ የምንጨምረው አለ። የፓይተኑ የምስል ላይብረሪ ፒሎው አይኮ ሲከፍት በቀጥታ ትልቁን መጠን ብቻ ይሰጥዎታል። መልሶ በአይኮ ሲያስቀምጥ ደግሞ ትንንሾቹን ከትልቁ አሳንሶ ራሱ ይፈጥራቸዋል፤ በእጅ የተሣለችው 16 በ16 ጠፋች ማለት ነው፣ የስህተት መልእክትም አይመጣም። ስለዚህ የወጣውን አይኮ አንዴ ካስቀመጡ በኋላ አይንኩት። ልወጣውንም ቅንብሩንም በግልባጩ ላይ ይሥሩ።

ጥያቄ፦ በሠፈራችን ትንሽ የኮምፒውተር ማሠልጠኛ አለችኝ። ልጆቹ የቁልፎችን ሥዕል እንዲለዩ አይከኖችን በትልቅ ወረቀት አሳትሜ ግድግዳ ላይ መስቀል ፈልጌ ነበር። ባለፈው ያሳተምኩት ደብዝዞ ወጣ። የቀለም አደራደሩም አልተመቸኝም። (ከሂርማታ)

መልስ፦ እህታችን፣ የደበዘዘው በማተሚያው ጥፋት ላይሆን ይችላል። በ300 ነጥብ በኢንች ሲታተም ባለ 32ቱ አይከን ከ2.7 ሚሊሜትር አይበልጥም። ፕሮግራሙ ሲያሳድገው ደግሞ ጎረቤት ቀለሞችን እያደባለቀ ነው፤ መደብዘዙ ከዚያ ነው። በሙሉ ቁጥር ብቻ ያሳድጉ፣ ሁለት ወይም ሦስት ወይም አራት እጥፍ፤ አንድ ተኩል እጥፍ አይሆንም። የማሳደጊያውንም ዘዴ «የቅርብ ጎረቤት» በሚለው ያድርጉ። ኢማጅማጂክ በሚባለው የምስል ፕሮግራም ይህ ፖይንት የሚባለው ማጣሪያ ነው።

በኤ4 እንዲህ ይወጣል። ገጹ በ300 ነጥብ 2480 በ3508 ፒክስል ነው። ባለ 32ቱን ሦስት እጥፍ ሲያሳድጉት 96 ይሆናል፤ በመሀል 24 ትተው ለአንዱ 120 ፒክስል ይመድቡ። ወደ ጎን 19፣ ወደ ታች 28 ይደረደራሉ፤ በጠቅላላ 532 አይከን። ዳር ላይ ከ6 እስከ 8 ሚሊሜትር ይቀራል፤ ብዙ ማተሚያዎች ጠርዙን ስለማያትሙት እሱን መሙላት አይመከርም። ለግድግዳ ግን 532 ይበዛል። ልጅ ቆሞ እንዲያይ ከሆነ ባለ 48ቱን አራት እጥፍ አሳድገው በገጽ ከ60 እስከ 70 ብቻ ያድርጉ፣ ከሥሩ ስሙን በአማርኛ ይጻፉ። ፍሎፒ አይተው የማያውቁ ልጆች «አስቀምጥ» የሚለውን ሥዕል እንደ ፊደል ሸምድደው ነው የሚይዙት፤ ስሙ ከሥሩ ካለ ይቀላቸዋል።

ማተሚያ ቤት ሲወስዱት ፒዲኤፍ ወይም ፒኤንጂ ይዘው ይሂዱ። በቴሌግራም የሚልኩ ከሆነ «እንደ ፋይል» ይላኩ፤ እንደ ፎቶ ከላኩት ተጨምቆ ወደ ጄፔግ ይለወጥና በእያንዳንዱ ጠርዝ ዙሪያ ጭጋግ ይይዛል። ባለሙያውንም «ከገጹ ጋር አስተካክል» የሚለውን ምርጫ አጥፍቶ በ100 በመቶ እንዲያትም ይንገሩት። አለዚያ የደከሙበት ሙሉ ቁጥር እዚያ ይፈርሳል። ጀርባውን ነጭ ሳይሆን ቀላል ግራጫ ቢያደርጉት ነጭ ጠርዝ ያላቸው አይከኖች አይጠፉም።

ወደ ቀለሙ እንምጣ። ሁለት ወጥመድ አለ። የመጀመሪያው፣ አማካይ ቀለም ሲሰላ የማይታዩት ነጥቦችም መቆጠራቸው ነው። የማይታይ ነጥብ ከሥሩ ጥቁርም ሆነ ሌላ ቀለም ሊኖረው ይችላል፤ ስለዚህ እያንዳንዱን ነጥብ በአልፋው አባዝተው ይመዝኑ። ሁለተኛው፣ የቀለም ዓይነት በክብ ላይ መቆጠሩ ነው። በዲግሪ 359 ቀይ ነው፣ 1ም ቀይ ነው፤ የሁለቱ ተራ አማካይ ግን 180 ይሆንና ውሃ ሰማያዊ ውስጥ ይጥልዎታል። ስለዚህ መጀመሪያ በቀይ፣ በአረንጓዴና በሰማያዊ አማካይ ያውጡ፣ ከዚያ ነው ወደ ቀለም ዓይነት የሚለወጠው። ግራጫዎቹ ግን ቀለም ስለሌላቸው የትም ይበተናሉ። ቀድመው ለይተው ለብቻቸው ከጥቁር ወደ ነጭ ይደርድሯቸው። ለትምህርት ከሆነ ግን፣ ምክራችንን ከሰሙ፣ በቀለም መደርደሩን ይተዉት። በሥራቸው ይመድቧቸው፤ መክፈቻ ከመክፈቻ፣ ማተሚያ ከማተሚያ።

ጥያቄ፦ ወደ 10,000 የሚጠጉ አይከኖች አሉኝ። የሚመሳሰሉት ጎን ለጎን የሚወድቁበት አንድ ትልቅ ካርታ መሥራት እፈልጋለሁ። ላፕቶፔ 4 ጊጋባይት ራም ነው ያለው፤ ይችላል? (ከቦሳ)

መልስ፦ ይችላል። ሁሉንም ወደ 32 በ32 ካመጧቸው እያንዳንዱ 4096 ቁጥር ነው። 10,000ው በ4 ባይት ሲቆጠር ወደ 164 ሜጋባይት ይሆናል። ቀድመው ግን ድግግሞሹን ይጥረጉ፤ አንድ አይከን በአሥር ፋይል ውስጥ ተቀድቶ መገኘቱ የተለመደ ነው። ሃሹን (የምስሉን የቁጥር አሻራ) ከአይኮው ፋይል ሳይሆን ከተፈታው ምስል ያስሉ፤ የማይታዩት ነጥቦች ቀለምም ወደ ዜሮ ይመለስ። አለዚያ ለዓይን አንድ የሆኑት ሁለት ተብለው ይቆጠራሉ። ከዝርዝሩ ሲሰርዙ የምንጩን አድራሻ አይሰርዙ፤ አንድ ምስል ስንት ቦታ እንደተገኘ ራሱ ደስ የሚል መረጃ ነው።

ከዚያ በፓይተኑ ላይብረሪ በሳይኪት-ለርን 4096ቱን በፒሲኤ (ቁጥሮችን የሚያሳንስ ስሌት) ወደ 50 ያውርዱና ለቲስኔ (የሚመሳሰሉትን የሚያቀራርብ ስሌት) ይስጡት፤ ሁለት ቁጥር ይመልስልዎታል፣ አግድምና ሽቅብ። ውጤቱ አንዱ በአንዱ ላይ የተከመረ ስለሚሆን በ100 በ100 ሰሌዳ ላይ አንድ ለአንድ መመደብ ያስፈልጋል። 3200 በ3200 ፒክስል ያለው ምስል ይወጣል። ለ10,000 በ10,000 ምደባ የሚያስፈልገው ሠንጠረዥ ግን ብቻውን 100 ሚሊዮን ቁጥር ነው፤ በ8 ባይት 800 ሜጋባይት ይይዛል። 4 ጊጋ ራም ላይ ብራውዘሩን ዘግተው ይሥሩት፣ ወይም በ2,500 በ2,500 ይከፋፍሉት።

የሚጠብቁትን አስቀድመው ይወቁ። በነጥብ የተሠራ ካርታ ቀለምንና ቅርጽን ነው የሚያቀራርበው፣ ትርጉምን አያውቅም። ቀይ መስቀልና ቀይ ፖስታ ጎረቤት ይሆናሉ። በቲስኔ ካርታ ላይ በሩቅ ሰፈሮች መካከል ያለው ርቀትም ብዙ ትርጉም የለውም፤ ስሌቱ የሚነሳበትን ማስጀመሪያ ቁጥር (ሲድ) ሲለውጡ ሰፈሮቹ ቦታ ይቀያየራሉ። ስለዚህ ቁጥሩን በመዝገብዎ ያስፍሩት፤ አለዚያ ያንኑ ካርታ ዳግም አያገኙትም።

ጥያቄ፦ አጎቴ የተወልኝ የዊንዶውስ 3.1 ፍሎፒዎችና የ90ዎቹ ሲዲዎች አሉ። ሪሶርስ ሃከር አልከፍትም አለ። ሲዲዎቹም ሻጋታ ይዟቸዋል። (ከጅሬን)

መልስ፦ የዊንዶውስ 3.1 ፕሮግራሞች ባለ 16 ቢት ናቸው፤ የፋይል አሠራራቸው ኤንኢ ይባላል፣ የዛሬው ፒኢ ነው። ሪሶርስ ሃከር የሚያውቀው ፒኢን ብቻ ነው። ሬስቱል ሁለቱንም ያነባል። ባለ 64 ቢት ዊንዶውስ እነዚህን ማስነሳት አይችልም፤ ግን እርስዎ የሚያነቡት እንጂ የሚያስነሱት ፋይል ስላልሆነ ግድ የለም። በመጫኛ ፍሎፒ ላይ የስማቸው መጨረሻ ፊደል በሥር ሰረዝ (_) የተተካ ፋይሎች የተጨመቁ ናቸው፤ በኤክስፓንድ ትእዛዝ ቀድመው ይዘርጓቸው።

ሲዲውን በንጹሕ ለስላሳ ጨርቅ ከመሀል ወደ ዳር በቀጥታ ይጥረጉ፤ በክብ አይዙሩ፣ ጭረቱ የመረጃውን መስመር ይከተላልና። ከዚያ ፋይል በፋይል ከመቅዳት ይልቅ መጀመሪያ ሙሉውን ሲዲ እንደ አንድ ፋይል (አይኤስኦ) ያንሱት። የጅማ እርጥበት ሁለተኛ ዕድል ላይሰጥ ይችላል።

ጥያቄ፦ ከፍላሽ ላይ ስሰበስብ አንድ ዓይነት የፎልደር አይከን ከሃያ በላይ ኢኤክስኢ ውስጥ አገኘሁ። ምንድን ነው? (ፎቶ ኮፒ ቤት፣ ከመርካቶ)

መልስ፦ ቫይረስ ነው ብለው ይነሱ። ትክክለኛውን ፎልደር ደብቆ በዚያው ስም የፎልደር መልክ የለበሰ ኢኤክስኢ የሚያስቀምጥ የቆየ ዓይነት ነው። ሃያዎቹ መጠናቸው እኩል ከሆነ ጥርጣሬው ይጠነክራል። አይጫኗቸው። ዊንዶውስ የፋይል ስም ጭራ እንዲያሳይ ያድርጉ፣ የተደበቁትንም ይግለጡ፤ በፀረ ቫይረስ ካጠፉ በኋላ ፎልደሮቹ እዚያው ናቸው። አይከን ማውጣት ፕሮግራሙን ስለማያስነሳ ያወጡበት ኮምፒውተር በዚያ ብቻ አይያዝም።

ጥያቄ፦ የሰበሰብኩትን በቲሸርት ላይ አትሜ ብሸጥስ? (ከፈረንጅ አራዳ)

መልስ፦ አይሆንም። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የኮምፒውተር ፕሮግራምንም ሥዕልንም ይጠብቃል፤ አርማ የሆኑት ደግሞ በንግድ ምልክት አዋጅ ቁጥር 501/1998 ሥር ይወድቃሉ። ለሽያጭ ከሆነ በነፃ ፈቃድ የወጡትን ይጠቀሙ። የታንጎ አይከኖች ለሕዝብ የተለቀቁ ናቸው፤ የጉግል ማቴሪያል አይከኖች በአፓቺ 2.0 ፈቃድ ነው የሚሰጡት።

ጥያቄ፦ የስልክ አፕስ? ኤፒኬውን (የአንድሮይድ መጫኛ ፋይሉን) እንደ ዚፕ ከፍቼ አይከኑን አጣሁት። (ከኮቺ)

መልስ፦ ኤፒኬ ዚፕ መሆኑ ልክ ነው። በድሮዎቹ ሚፕማፕ በሚሉ ፎልደሮች ሥር ከ48 እስከ 192 ፒክስል ያለውን ያገኛሉ። ከአንድሮይድ 8 ወዲህ ግን አይከኑ ብዙ ጊዜ ሁለት ንብርብር ነው፣ የፊትና የጀርባ፤ የሚያገናኛቸውም የተጠናቀረ ኤክስኤምኤል ነው። የአንዳንዱ አፕ ፎልደሮች ስም ደግሞ ሆን ተብሎ ያጥራል። ስለዚህ በዚፕ ሳይሆን ኤፒኬቱል በሚባለው ፕሮግራም ይፍቱት። ሁለቱ ንብርብሮች በትልቁ መጠን 432 በ432 ፒክስል ናቸው። አንዱን በአንዱ ላይ ደርበው መሀል ያለውን 288 በ288 ይቁረጡ፤ ስልኩ የሚያሳየው እሱን ነው። ዙሪያው የተተወው ስልኩ በክብም ሆነ በካሬ እንዲቆርጠው ነው፤ እርስዎም ለስብስብዎ አንዱን ቅርጽ መርጠው በሁሉም ላይ ይጠቀሙ።